የገጻችን ቁጥር ምንን ይመሰክራል?

በየቁምስናችን፣ በየትምህርት ቤታችንና በየጤና ተቋማችን አንድ አዲስ ዓይነት ቈጠራ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ቀድሞ የቁምስና መዝገብ የሚቈጥረው የተጠመቁትን፣ ምሥጢረ ሜሮን የተቀበሉትን፣ በምሥጢረ ተክሊል የተጋቡትንና ያረፉትን ነበር። ዛሬ ግን የቁምስናው ጸሐፊ፣ የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ በግሉ የሚሠራው ጠበቃና ሐኪም ሳይቀር በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ከፍቶ ተከታዮቹን፣ ተመልካቾቹንና ላይክ ያደረጉለትን ይቈጥራል። ይህ ቈጠራ እንደ መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ አይደለም፤ ማለዳ ከጸሎት በፊት፣ ማታም ከመኝታ በፊት ይደረጋል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ መስሎ ይታየናል። ባለሙያ የሆነ ሰው ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በማኅበራዊ መገናኛ የሚሠራውን ሥራ በቁጥር መመዘኑ ትክክል ነውን? ትክክል ከሆነስ በየትኛው ቁና ይስፈር? ነገሩ የኮምፒዩተር ዕውቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባልቀረበ ነበር። ሆኖም ሰው ሥራውን የሚመዝንበት ሚዛን ውሎ አድሮ ሥራውን ይለውጠዋል፤ ሥራው ሲለወጥም ሠሪው አብሮ ይለወጣል። እንግዲህ ጥያቄው የሕሊና ጥያቄ ነው።

«መቁጠር በራሱ ከንቱነት ነው፤ ክርስቲያን ዘርቶ ለእግዚአብሔር ይተው እንጂ ነዶውን አይቍጠር» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መንፈሳዊ ቢመስልም በቅዱስ መጽሐፍ የሚደገፍ አይደለም። በኦሪት ዘኁልቍ መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ እንዲቈጠር ሙሴን ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ የተቈጠሩትም 603,550 እንደ ነበሩ ተጽፏል (ዘኁ. 1፥46)። ቅዱስ ሉቃስም በጰራቅሊጦስ ቀን ሦስት ሺህ ያህል ነፍሳት መጨመራቸውን ከመጻፍ ወደ ኋላ አላለም (ሐዋ. 2፥41)። ስንፍናን የትሕትና ልብስ ማልበስ ቀላል ነገር ነው። የሚያወጣውን ጽሑፍ ለሁለት ዓመት ያነበበው ሰው እንዳለ እንኳ ጠይቆ የማያውቅ አገልጋይ ትሑት ሊባል አይችልም፤ መክሊቱን ቀብሮ የት እንደ ቀበረው የረሳ ይባል እንደሆነ እንጂ።

በአንጻሩ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ፣ ኢዮአብ ገና ሲታዘዝ ነገሩ እንዳላማረው ተናግሮ ነበር፤ ቈጠራው ካለቀ በኋላም ንጉሡን የገዛ ልቡ ወቀሰው (2ኛ ሳሙ. 24፥10)። ሙሴም ዳዊትም የቈጠሩት ለጦርነት የሚበቁትን ወንዶች ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመውታል፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ይህ ይበቃናል፦ ሙሴ የቈጠረው በአደራ የተሰጠውን ሕዝብ ነው፤ ያውም ታዝዞ፣ በየስማቸውና በየአባቶቻቸው ቤት። ዳዊት ግን የራሱን ኃይል ለማወቅ ቈጠረ። አንዱ ሕዝቡን ሲመለከት ሌላው በሕዝቡ ውስጥ ራሱን ተመለከተ።

ሦስተኛ ቈጠራም በወንጌል አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ይነካናል። መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዲቱ እንደ ጠፋችበት ያወቀው ስለ ቈጠረ ነው (ሉቃ. 15፥4)። ባይቈጥር ኖሮ መጥፋቷን ባላወቀም ነበር። የእረኛው ቈጠራ የሚያተኩረው በበረቱ ውስጥ ባሉት ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሳይሆን በሌለችው ላይ ነው። የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የሚሰጠን ቁጥር ግን የመጡትን ብቻ ይነግረናል፤ የቀረው ማን እንደ ሆነ ከቶ አይነግረንም። እኛ እንደምናምነው የዚህ ጉዳይ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ቈጠራ ጽድቅ የሚሆነው ለሚቈጠሩት ሲባል ሲደረግ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ቁጥር ለመፍረድ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያሻል። ብዙዎቻችን «ተከታይ» የሚለውን ቃል «አንባቢ» ከሚለው ጋር አንድ አድርገን እንወስዳለን፤ አንድ አይደሉም። ተከታይ ማለት አንድ ቀን አንድ ቁልፍ የተጫነ ሰው ነው። ተደራሽነት የሚባለው ጽሑፉ በስልካቸው መስኮት ላይ የታየላቸው ሰዎች ቁጥር ሲሆን፣ የዕይታ ብዛት ደግሞ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደ ታየ ይነግራል፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው ሦስት ተብሎ ይጻፋል። ተሳትፎ የሚባለውም ላይኩን፣ አስተያየቱንና ለሌላ ማጋራቱን በአንድነት የደመረ ነው። በዚህ ድምር ውስጥ የምስጋና ቃልና የስድብ ቃል እኩል አንድ አንድ ሆነው ይገባሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቁምስና ገጽ 8,000 ተከታዮች አሉት እንበል። ስለ ዐቢይ ጾም የወጣው ጽሑፍ 600 ሰዎች ዘንድ ደረሰ፤ ከእነዚህም 30 ሰዎች አንድ ዓይነት ምላሽ ሰጡ። 30ን ለ600 ብናካፍል ተሳትፎው 5 በመቶ ይሆናል። ያንኑ 30 ለ8,000 ብናካፍል ግን ከግማሽ በመቶም ያንሳል፤ 0.375 በመቶ ነው። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ በሥራ ላይም ሁለቱም ያገለግላሉ። ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለረድኤት ሰጪው ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሰው የትኛውን ይጽፋል? ባለፈው ሩብ ዓመት አንዱን፣ በዚህኛው ደግሞ ሌላውን ቢጽፍ፣ አንድም የሐሰት አኃዝ ሳያስገባ ሐሰት መናገሩ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን የሚነግረን (ምሳ. 11፥1) የእህል ነጋዴን ብቻ ለማስጠንቀቅ አይመስለንም።

ሚዛኑን የሠራውም ሌላ ሰው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በገበያ ቁናው የሻጩ ሲሆን ገዢው አፉን ከፍቶ አያይም፤ ይነካካዋል፣ ይገምተዋል፣ እንዳይነቀነቅበትም ይጠብቃል። በማኅበራዊ መገናኛ ግን ቁናው የኩባንያው ነው፤ እኛም ሳንነካው አምነን እንቀበላለን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ፌስቡክ ቪዲዮዎች በአማካይ የሚታዩበትን ጊዜ አብዝቶ ሲገልጽ መቈየቱን አመነ። ምክንያቱም ከ3 ሰኮንድ በታች አይተው ያለፉትን ከስሌቱ ያወጣቸው ስለ ነበር ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡ የዚያው ኩባንያ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ምልክትን ጨምሮ የስሜት ምልክቶች የትኛው ጽሑፍ ለብዙ ሰው እንደሚታይ ሲወሰን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝኑ ነበር። የቁጣ ምልክት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። ይህም ማለት በዚያ ስሌት አንድ ሰው የተቈጣበት ጽሑፍ አምስት ሰዎች በጸጥታ ከወደዱት ጽሑፍ ጋር እኩል ይመዘን ነበር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሚዛን ላይ የወጣ አስታራቂ ቀሎ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያስተዋለው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ አኃዝ ለመቆጣጠሪያነት ሲውል ቀድሞ ይመሰክርለት የነበረውን ነገር መመስከር ያቆማል። ተማሪ ለፈተና ብቻ ሲያጠና ፈተናው ዕውቀቱን መለካት እንደሚያቅተው ሁሉ፣ ገጽም ለቁጥር ሲል ሲዘጋጅ ቁጥሩ የገጹን ፋይዳ ማሳየት ያቅተዋል። ተከታይ በገንዘብ የሚሸጡ መኖራቸውም የታወቀ ነው፤ ይህ ግልጽ ማታለል ስለ ሆነ ብዙ ማተት አያስፈልገውም።

ማተት የሚያስፈልገው ማታለል የማይመስለው ነው። አንድ የጤና ባለሙያ በጎ ሥራውን ሕዝብ እንዲያውቅለት ገጽ ይከፍታል። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ እርጉዝ እናቶች ምርመራ የጻፈውን ጥቂቶች ያዩለታል። አንድ ቀን ግን የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ተመልካቹ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት የእናቲቱን ልቅሶ በቪዲዮ ያሳያል። ማንም አላዘዘውም፤ ቁጥሩ ብቻ ወዴት መሄድ እንዳለበት አመለከተው። እናቲቱ «እሺ» ብላ ይሆናል፤ ነገር ግን መድኃኒት በያዘ እጅ ፊት የቆመ ሰው «እምቢ» ለማለት ምን ያህል ነፃነት አለው? ምጽዋትም እንዲሁ ነው። ስንዴውን ከማስረከብ በፊት ካሜራው በትክክል እንዲይዝ ድኻውን «ትንሽ ወደዚህ ዞር በሉ» ማለት በሀገራችን እየተለመደ መጥቷል። ጌታችን ቀኝ እጅ የሠራውን ግራ እጅ እንዳያውቅ አስተምሯል (ማቴ. 6፥3)፤ እኛ ደግሞ ግራ እጃችንን ፎቶ አንሺ አድርገነዋል። ረድኤት ሰጪዎች ማስረጃ እንደሚጠይቁ አንክድም፤ ማስረጃ ግን የተቀባዩን ፊት ሳያሳዩ በፊርማና በሰነድ ማቅረብ ይቻላል። የሕሙምን ምሥጢር መጠበቅ ሐኪሞች ገጽ ከመኖሩ በፊት የገቡት ቃል ነው፤ ገጽ በመምጣቱ አልተሻረም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በሱማ ቴዎሎጊያ ስለ ከንቱ ውዳሴ ሲመረምር የሰጠው ትምህርት ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይስማማል። መታወቅን መሻት በራሱ ኀጢአት አይደለም ይላል። ጌታችንም መልካም ሥራ በሰው ፊት እንዲበራ አዟል (ማቴ. 5፥16)። ክብርን መሻት ከንቱ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው፤ የምንመሰገንበት ነገር ምስጋና የማይገባው ሲሆን፣ የሚያመሰግነን ሰው ፍርዱ የማይታመን ሲሆን፣ ወይም ምስጋናውን ወደ እግዚአብሔር ክብርና ወደ ባልንጀራ ድኅነት ሳናቀና ስንቀር ነው። ከገጻችን ቁጥር ጋር እናስተያየው። በጻፍነው ቁም ነገር ሳይሆን በለበስነው ልብስ ስንመሰገን የመጀመሪያው ነው። በ2 ሰኮንድ አይቶ ባለፈ ሰው ላይክ ልባችን ሲሞቅ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን እያንዳንዱ በራሱ ይመርምር። ቅዱሱ ከታላቁ ጎርጎርዮስ ተቀብሎ ከከንቱ ውዳሴ ይወለዳሉ ከሚላቸው መካከል አዲስ ነገርን ያለ ልክ ማሳደድና ክርክር መኖራቸውን ስናይ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ መነኵሴ የእኛን ስልክ ያየ ያህል ይገርመናል።

ከዚህ በመነሣት ወጣት ባለሙያዎቻችንን «ገጻችሁን ዝጉ» አንላቸውም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ ደንበኛ የሚሻ ጠበቃ፣ ልብስ ሰፍታ ቤተሰቧን የምታስተዳድር እናት ሥራቸውን ማሳወቅ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው፤ መብራትን ከዕንቅብ በታች ማኖር አልታዘዘም። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ቃል ለሙያዊ ገጽም ይሠራል። መለኪያውም ከሙያው ዓላማ ይወለድ። ለጠበቃው መለኪያው ስንት ሰው «ዋው» አለ ሳይሆን፣ ስንት ሰው መብቱን አውቆ መጣ፣ ከመጡትስ ስንቱ ያለ ክስ በሽምግልና ጨረሰ የሚለው ነው። ለልብስ ሰፊዋ ገጹን አይታ ያዘዘች፣ ከፍላም የወሰደች ደንበኛ ናት። ለትምህርት ቤቱ የምዝገባውን ቀን ሳያውቅ የቀረ ወላጅ መኖር አለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ትንሽ ነው፤ በደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ከማሽኑ አኃዝ ይልቅ ግን እውነተኛ ነው፤ በእያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ ስም አለና።

ብዙ ተከታይ ያገኘ ሰውስ? ስለ እርሱ የሀገራችን ሕግ አንድ የሚያስገርም ነገር ይናገራል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። አዋጁን በሌላ ረገድ የሚተቹት አሉ፤ ወደዚያ አንገባም። እኛን የሚያስተምረን ሕጉ ተከታይን እንደ ሸክም እንጂ እንደ ጌጥ አለመቁጠሩ ነው። የቅድስት መንበር የመገናኛ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 2023 «ወደ ሙሉ ተገኝነት» በሚል ርእስ ባወጣው ሰነድም ተከታይ በበዛ መጠን ኀላፊነት እንደሚበዛና የሚናገረውም ሰው በገዛ ስሙ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ እንደሚገባው አሳስቧል። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ መሣሪያዎች መጠቀምን አትነቅፍም፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ድንጋጌ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ በ2025ቱ ኢዮቤልዩም በዚህ መስክ የሚያገለግሉ ወጣቶች የራሳቸው በዓል በሮም ተደርጎላቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የቁጥር መውረድ የታማኝነት ምልክት ይሆናል። ጌታችን ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ ባስተማረ ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ተመለሱ (ዮሐ. 6፥66)። እርሱ ግን ትምህርቱን አላለዘበም፤ ዐሥራ ሁለቱንም እናንተም መሄድ ትወዳላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሀገራችን ሰሜን በነበረው ጦርነት ወራት፣ ስለ ይቅርታ የጻፉ ሰዎች ተከታዮቻቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ በአንጻሩ ቁጣን የጻፉት ሲበዛላቸው አይተናል። የዚያን ጊዜ ቁጥሩን ተከትሎ ብዕሩን ያዞረ ባለሙያ በገጹ ሪፖርት ላይ ዕድገት አስመዝግቧል። ዕድገቱ ከምን እንደ ተገኘ ግን በሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስና የቁምስናን ገጽ ለያዙ ወጣቶች ጥቂት ተግባራዊ ነገር እንጨምር። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ለማንና ለምን እንደ ተጻፈ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደብተር ላይ ይስፈር፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይታይ። ቁጥሩን በየሰዓቱ ማየት ይቅር፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ብቻን ሳይሆን ከቆሞሱና ከሌሎች አገልጋዮች ጋር ማየት ይበቃል። ኢንስታግራም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 በአንዳንድ ሀገሮች የላይክን ቁጥር ከሌላ ሰው ዓይን ለመሰወር ሞክሮ፣ በ2021 ምርጫውን ለሁሉም ተጠቃሚ ሰጥቷል፤ ይህን ምርጫ መጠቀም ለወጣቶቻችን ዕረፍት ነው። ጥያቄ ጽፎ የላከ ሰው ከመቶ ላይክ ይቀድማል፤ መልሱም በዚያው ሳምንት ይሰጠው።

ከቁጥሩ ጎን በደብተሩ ላይ ሌላ ዓምድ ይከፈት፤ እርሱም ገጹ ያልደረሰላቸው ሰዎች ዓምድ ነው። ስልክ የሌላቸው ቤተሰቦች ስንት ናቸው? መረብ የማይደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶቻችን የትኞቹ ናቸው? የዓይነ ስውሩ አባት፣ ንባብ የማያውቁት እናት፣ ልጃቸው ወደ ዐረብ ሀገር ከሄደች ወዲህ ቴሌግራም የሚከፍትላቸው ያጡት አዛውንት ማስታወቂያውን ከማን ሰሙ? የትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ከቅዳሜ ወደ እሑድ መዛወሩ በገጽ ብቻ በተነገረ ጊዜ የትኞቹ ልጆች ተዘግቶ አገኙት? ይህ ዓምድ እንዲሞላ የየመንደሩ ጸሎት መሪዎች የቤተሰቦችን ስም ዝርዝር ከቁምስናው ጽሕፈት ቤት ወስደው ከፋሲካ በፊት አንድ ዙር ቤት ለቤት ቢሄዱ መልካም ነው፤ ዝርዝሩም ሲመለስ የገጹን ሥራ ለያዙት ወጣቶች ይሰጥ።